ትል በየት በር ይገባል?



በቋንቋችን የራበው ሰው «ወስፋቴ ጮኸ» ይላል። ወስፋት በሰው አንጀት ውስጥ የሚኖር ትል መሆኑን የማያውቅ የለም፤ ሆኖም ስሙ ከረኃብ ስም ጋር እስከ መቀላቀል መድረሱ፣ ይህ ያልተጠራ እንግዳ ከእኛ ጋር ምን ያህል ዘመን በአንድ ገበታ እንደ ኖረ ይመሰክራል። የኮሶ ነገርም እንደዚሁ ነው። አባቶቻችንና እናቶቻችን የኮሶን አበባ ፈጭተውና በጥብጠው በየጊዜው ይጠጡ ነበር፤ ኮሶ የሚጠጣበትም ቀን ቤተ ሰቡ ሁሉ የሚያውቀው ቀን ነበረ። በ19ኛው መቶ ዓመት ይኸው የኢትዮጵያ መድኃኒት ባሕር ተሻግሮ በአውሮጳ መድኃኒት ቤቶች እስከ መሸጥ ደርሷል።

እንግዲህ ሰው ትሉን ማስወጣት ያውቅ ነበር፤ ያላወቀው ትሉ በየት በር እንደሚገባ ነው። ሌባ በገባበት ቤት ሌባውን ይዞ ማስወጣት አንድ ነገር ነው፤ የገባበትን ቀዳዳ አግኝቶ መድፈን ግን ሌላ ነገር ነው። ቀዳዳው እስካልተደፈነ ድረስ ሌባው ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም። ኮሶ ጠጪውም በየሁለት ወሩ እንደ ገና ጽዋውን ማንሣት ግድ ይሆንበት የነበረው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ዛሬ ለአንባብያን የምናቀርበው ያ በር እንዴት እንደ ተገኘ የሚገልጽ ታሪክ ነው። በሩን ፈልገው ያገኙት ሊቃውንት ናቸው፤ ዳሩ ግን መንገዱን የመሩአቸው ቀበሮ፣ አሳማ፣ ጥጃ፣ ውሻ፣ በሬና አይጥ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

እስከ 19ኛው መቶ ዓመት እኩሌታ ድረስ ብዙ የተማሩ ሰዎች የሆድ ትል ከውጭ አይመጣም፣ እዚያው በአንጀት ውስጥ ከተበላሸ ምግብና ከቆሻሻ ይፈጠራል ብለው ያምኑ ነበር። ይህ እምነት ተራ ስሕተት ብቻ አልነበረም፤ እጅና እግርን የሚያስር ስሕተት ነበር። ትሉ ከውስጥ የሚፈጠር ከሆነ ከውጭ የሚዘጋ በር የለምና፤ ሰውም ከመታገሥና መድኃኒት ከመጠጣት በቀር ሌላ የሚያደርገው ነገር አይኖርም።

በጀርመን አገር በሳክሶኒ ግዛት በዚታው ከተማ ይኖር የነበረ ኪውክንማይስተር የተባለ ሐኪም ይህን እምነት ለመመርመር ተነሣ። በጥንቸልና በአሳማ ሥጋ ውስጥ ውሃ የቋጠረ ፊኛ የሚመስል ትንንሽ ከረጢት እንደሚገኝ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር፤ ነገር ግን ከረጢቱ ራሱን የቻለ ፍጥረት ነው ወይስ የሌላ ትል ልጅ ነው የሚለው ጥያቄ መልስ አላገኘም ነበር። ኪውክንማይስተር በ1851 ከጥንቸል ሥጋ ያወጣውን ከረጢት ለቀበሮ አበላ። ቀበሮውን ከፍቶ ቢመለከት በአንጀቱ ውስጥ እንደ ጥብጣብ የረዘመውን ትል አገኘ። ከ1853 ጀምሮ ደግሞ እርሱና ሌሎች ሊቃውንት ነገሩን ገልብጠው ከሰው የወጣውን የትሉን እንቁላል ለአሳማ ቢሰጡት በአሳማው ሥጋ ውስጥ ከረጢቱ በቀለ። ስለዚህ ከረጢቱና ጥብጣቡ አንድ ትል ነው፤ በአንዱ እንስሳ ሥጋ ውስጥ ልጅነቱን ያሳልፋል፣ በሌላው አንጀት ውስጥ ያረጃል። «ከውስጥ ይፈጠራል» የሚለው እምነትም በዚህ ጊዜ መሠረቱ ተናጋ።

ነገር ግን አንባቢ ሆይ፣ የዚህን ታሪክ ጨለማ ክፍል ሸሽገን ማለፍ አይገባንም። ኪውክንማይስተር ነገሩ በሰውም ላይ እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ ፈለገ። በ1855 ሞት ለተፈረደበት አንድ እስረኛ ሳያውቅ በምግቡ ውስጥ ከረጢቱን ጨምሮ አበላው፤ ፍርዱ ከተፈጸመ በኋላም ሬሳውን ከፍቶ ግልገሎቹ ትሎች በአንጀቱ ላይ ተጣብቀው አገኛቸው። ያሰበው ነገር ትክክል መሆኑ ተረጋገጠ፤ ሥራው ግን በዚያው በዘመኑ ሰዎች ዘንድ ነቀፋ አስከተለበት። እኛም ዛሬ ይህን የምናነሣው ለመፍረድ ብቻ አይደለም። በእንስሳ መመርመር የማይቻል በሆነ ጊዜ ወይም በቂ ሆኖ ባልተገኘ ጊዜ ሸክሙ የሚወድቀው በማን ላይ እንደሆነ ስለሚያሳየን ነው። የሚወድቀው አፍ በሌለው ሰው ላይ ነው።

የእኛ አገር ኮሶ ግን በአሳማ ሥጋ የሚመጣው ሳይሆን በከብት ሥጋ የሚመጣው ነው። የዚህኛውን በር ያገኘው ሎይካርት የሚባል ሌላ የጀርመን ሊቅ ነበር። በ1861 ከሰው የወጣውን የኮሶ ትል ቁራጭ ከነእንቁላሉ ለጥጃ አበላና የጥጃው ሥጋ በከረጢት ተሞልቶ አገኘው። ነገሩ እንግዲህ እንደ ቀለበት የተያያዘ ነው፤ ሰው ሜዳ ላይ ይጸዳዳል፣ ከብት ሣሩን ይግጣል፣ ሰው የከብቱን ሥጋ ጥሬውን ይበላል፣ ኮሶም ወደ ቤቱ ይመለሳል። በቁርጥና በክትፎ የሚደሰት ሁሉ ይህን ቀለበት ሊያውቀው ይገባል። ቀለበቱ ከሁለት ቦታ ሊቆረጥ ይችላል፤ አንደኛው ሥጋውን በሚገባ ማብሰል ነው፣ ሁለተኛው የሰው ዓይነ ምድር ከብት በሚግጥበት ሜዳ እንዳይደርስ ማድረግ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ማስተዋል ያስፈልጋል። ጥጃው በኮሶ ታሪክ ውስጥ የሰው ወኪል አልነበረም፤ ራሱ ባለጉዳይ ነበር። ትሉ በተፈጥሮው በከብት በኩል የሚያልፍ ስለሆነ ጥጃው የመሰከረው ስለ ራሱ ነው። ከዚህ በኋላ የምንመለከታቸው እንስሳት ግን አብዛኞቹ በሰው ፈንታ የቆሙ ወኪሎች ናቸው። የቢሮ ሰው እንደሚያውቀው ደግሞ ወኪል የሚናገረው በውክልናው ልክ ነው፤ ከዚያ ያለፈውን ቃሉን የተቀበለ ሰው ይሳሳታል።

አሁን ወደ ግብፅ እንለፍ። በካይሮ የሕክምና ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረ አርተር ሎስ የሚባል ጀርመናዊ ስለ መንጠቆ ትል ይመረምር ነበር። ይህ ትል በቁመቱ ከአንድ ጣት ውፍረት የማይበልጥ ቢሆንም በአንጀት ላይ ነክሶ ደም ስለሚመጥጥ ሰውን ያገረጣል፣ ያደክማል። በ1880 ገደማ በስዊስ አገር የጎትሃርድን ዋሻ የቆፈሩት ሠራተኞች ደም አልቆባቸው የወደቁት በዚህ ትል ምክንያት ነበር። ሁሉም ሰው ትሉ በአፍ ይገባል ብሎ ያምን ነበርና፣ ሎስም ግልገሎቹ ትሎች ያሉበትን ውሃ ጊኒ ፒግ በምትባለው ትንሽ እንስሳ አፍ ውስጥ ያንጠባጥብ ነበር። አንድ ቀን ጠብታው በእጁ ላይ ፈሰሰ። ወዲያው ቆዳው ቀላ፣ አሳከከው፤ በቀረው ውሃ ውስጥ ቢመለከት ግልገሎቹ ትሎች ልብሳቸውን ጥለው ጠፍተዋል። ከጥቂት ወራት በኋላ የትሉን እንቁላል በገዛ ራሱ ዓይነ ምድር ውስጥ አገኘ። ይህንንም በ1898 ለሊቃውንት አሳወቀ።

ብዙዎቹ ሊቃውንት አላመኑትም። አንድ ሰው በእጁ ላይ የደረሰውን ነገር ቢናገር ምስክሩ አንድ ብቻ ነውና፤ ምናልባት ሳያውቀው በአፉ ገብቶ እንደሆነስ ማን ያውቃል? ሎስም ይህን ስለ ተረዳ ወደ ውሻ ዞረ። ውሻ የራሱ የመንጠቆ ትል ስላለው ግልገሎቹን በውሻው ቆዳ ላይ እያኖረ፣ በየጊዜው ሰውነቱን በአጉሊ መነጽር እየመረመረ፣ መንገዳቸውን እርምጃ በእርምጃ ተከተለ። ግልገሉ ትል ቆዳውን ይበሳል፣ በደም ሥር ተጭኖ ወደ ልብ ይደርሳል፣ ከዚያ ወደ ሳንባ ያልፋል፣ ከሳንባው በአየር ቧንቧ ወደ ጉሮሮ ይወጣል፣ ተውጦም ወደ አንጀት ይወርዳል። የዚህን ሥራ ዝርዝር በ1905 እና በ1911 ባሳተማቸው ታላላቅ መጻሕፍት ከነሥዕሉ አቀረበ። እንግዲህ በሩ አፍ ሳይሆን በባዶ እግር የሚረገጠው እርጥብ መሬት ሆኖ ተገኘ። ጫማ ማድረግ የክብር ነገር ብቻ ሳይሆን የጤና ነገር መሆኑ የተረጋገጠው በዚህ መንገድ ነው።

በዚያው ዘመን በሩቅ ምሥራቅ በጃፓን አገር ሌላ ፍለጋ ይካሄድ ነበር። በሂሮሺማ ክፍለ አገር ካታያማ በሚባለው ቀበሌ ሩዝ ዘሪዎች ወደ እርሻቸው ውሃ በገቡ ቁጥር እግራቸው ያሳክካቸዋል፣ በኋላም ሆዳቸው ይነፋል፣ በደም የተቀላቀለ ተቅማጥ ይይዛቸዋል። ይህን አንድ የአገሩ ሐኪም በ1847 ጽፎት ነበር። ምክንያቱ የቢልሃርዝያ ዓይነት ትል መሆኑ በ1904 ታወቀ፤ ትሉም ከዚያ በሽታ አገር በመጣች ድመት ሰውነት ውስጥ ተገኘ። የቀረው ጥያቄ ያው የበር ጥያቄ ነው፤ ውሃውን በመጠጣት ነው ወይስ ውሃውን በመንካት?

ፉጂናሚና ናካሙራ የተባሉ ሊቃውንት በ1909 ያደረጉት ፈተና ስለ ቀላልነቱ ሊደነቅ ይገባዋል። ከብቶችን በየወገን ከፈሉአቸው። የአንዱን ወገን አፍ ሸበቡና ውሃውን እንዳይጠጡ ከልክለው ወደ ረግረጉ አስገቡአቸው። የሌላውን ወገን እግርና ገላ ውሃ በማያስገባ ነገር ሸፍነው በአፋቸው ብቻ እንዲቀበሉ አደረጉ። ታዲያ የታመሙት ውሃውን የጠጡት ሳይሆኑ በውሃው ውስጥ የቆሙት ሆኑ። ገበሬው «እግሬን አሳከከኝ» ሲል የተናገረው እውነት ነበር፤ በከብቶቹ ምስክርነትም ቃሉ ጸደቀለት። በ1913 ሚያይሪና ሱዙኪ ትሉ በውሃ ውስጥ በሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ሰውነት ውስጥ እንደሚያድግ አገኙ። በ1915 ደግሞ ላይፐር የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ በግብፅ አገር ከቀንድ አውጣ የወጡትን ግልገሎች በአይጥ ላይ እየፈተነ የፊኛው ቢልሃርዝያና የአንጀቱ ቢልሃርዝያ ሁለት ልዩ ልዩ ትሎች መሆናቸውን አስረዳ።

ከሁሉ ይልቅ የወኪል ምስክርነት የት ድረስ እንደሚያስኬድ የሚያስተምረን ግን የወስፋት ታሪክ ነው። በ1916 ስቱዋርት የሚባል የእንግሊዝ ወታደራዊ ሐኪም በሆንግ ኮንግ ሳለ የወስፋትን እንቁላል ለአይጦች አበላ። አይጦቹ ከጥቂት ቀናት በኋላ የሳንባ ምች ይዞአቸው ታመሙ። ከፍቶ ቢመለከት ግልገሎቹን ወስፋቶች በጉበትና በሳንባ ውስጥ አገኛቸው። ይህ ታላቅ ግኝት ነበር፤ ወስፋት እንደ ተዋጠ በአንጀት ተቀምጦ የሚያድግ ይመስል ነበርና። ዳሩ ግን ግልገሎቹ ከአይጡ ሳንባ ወደ አንጀቱ ከተመለሱ በኋላ ሳያድጉ ከሰውነቱ ይወጡ ነበር። ስቱዋርትም ከዚህ ተነሥቶ አይጥ እንደ ኮሶ ጥጃ በመካከል የምትቆም እንስሳ ናት፣ ትሉ ወደ ሰው የሚመጣው በአይጥ በኩል ነው ወደሚል አሳብ ደረሰ።

አይጧ የተናገረችው እውነት ነው፤ አተረጓጎሙ ግን ተሳሳተ። ወኪሏን እንደ ባለጉዳይ ቆጠራት። ቀጥሎ በአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር ይሠሩ የነበሩት ራንሰምና ፎስተር አሳማን በመሳሰሉ እንስሳት መርምረው አይጥ በመካከል እንደማታስፈልግ ገለጹ። በመጨረሻም በ1922 ኮይኖ የተባለ ጃፓናዊ ሐኪም 2000 የሰው ወስፋት እንቁላል ራሱ ዋጠ። ጽኑ የሳንባ ምች ያዘው፤ በአክታውም ውስጥ ግልገሎቹ ትሎች ታዩ። በኋላ መድኃኒት ቢጠጣ 667 ትሎች ወጡለት። ስለዚህ በአይጥ የታየው የሳንባ ጉዞ በሰውም ይደረጋል፤ በአይጥ ያልታየው እድገት ግን በሰው ይፈጸማል። ኮይኖና ኪውክንማይስተር የጠየቁት ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፤ ልዩነታቸው አንዱ ሸክሙን በራሱ ትከሻ ላይ ማድረጉ፣ ሌላው ግን ባላወቀ እስረኛ ላይ መጫኑ ነው።

በሮቹ ከታወቁ በኋላ ደግሞ እንስሳት ለመድኃኒት ፍለጋ አገለገሉ። ለቢልሃርዝያና ለኮሶ የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል በ1970ዎቹ ዓመታት የተገኘው ቢልሃርዝያ በያዛቸው አይጦችና በመሳሰሉት እየተፈተነ ነው። በ1975 ደግሞ ሳቶሺ ኦሙራ የተባሉት ጃፓናዊ ሊቅ ከአገራቸው አፈር ያወጡት ረቂቅ ፍጥረት በአሜሪካ የአንጀት ትል ለያዛት አይጥ ቢሰጥ ትሉን ገደለው፤ ከዚህ የተገኘው አይቨርሜክቲን የሚባለው መድኃኒት ነው። ኦሙራና የሥራ ባልደረባቸው ዊልያም ካምቤል በ2015 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ከአንዲት አይጥ አንጀት የተጀመረው ነገር ለብዙ ሚሊዮን ሕዝብ ፈውስ ሆነ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የአገራችንም ስም አለበት። በ1964 ዶክቶር አክሊሉ ለማ በዐድዋ የቢልሃርዝያን ነገር ሲመረምሩ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ በሚፈሰው ወንዝ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። እናቶቻችን ለልብስ ንጣት የሚያውቁት ፍሬ የበሽታውን ተሸካሚ የሚገድል ሆኖ ተገኘ። ዶክቶር አክሊሉ ከዶክቶር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ስለዚህ ሥራ በ1989 የዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የፓቶባዮሎጂ የምርምር ተቋምም በስማቸው ይጠራል። ይህም ሊገኝ የቻለው ከዚያ በፊት የጃፓን ከብቶችና የግብፅ አይጦች የቀንድ አውጣውን ነገር ስለ መሰከሩ ነው። ዕውቀት ከአገር ወደ አገር የሚወራረስ ርስት ነውና።

እንግዲህ አንባቢ «በእንስሳ ላይ እንዲህ ማድረግ ይገባልን?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። እንግሊዞች በእንስሳ ላይ የሚደረገውን ፈተና በሕግ የወሰኑት በ1876 ነው። በ1959 ራስልና በርች የተባሉ ሊቃውንት ባሳተሙት መጽሐፍ ሦስት ደንብ አቆሙ፤ ይኸውም በእንስሳ ፈንታ ሌላ መንገድ ከተገኘ በዚያ መጠቀም፣ የሚፈተኑትን ቁጥር ማሳነስና ሥቃያቸውን ማቅለል ነው። ሊቃውንት ዛሬም በዚህ ደንብ ይመራሉ። ከርኅራኄውም ሌላ ጥቅም አለው፤ የተሠቃየና የተጨነቀ እንስሳ የሚሰጠው ምስክርነት የተዛባ ነውና።

በቤተ ሙከራ ያለችው አይጥ ንጹሕ ሣጥን ውስጥ ተቀምጣ፣ እስክትጠግብ እየበላች፣ በአብዛኛው ትሉን በአንድ ቀን በአንድ ጊዜ ትቀበላለች። የገጠሩ ልጅ ግን እየራበው፣ ዛሬ ጥቂት፣ ነገም ጥቂት፣ ዓመቱን ሙሉ ይቀበላል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የአይጥን ጅራፍ መሳይ ትል የመረመሩ ሊቃውንት፣ አይጧ ብዙ እንቁላል በአንድ ጊዜ ስትውጥ ሰውነቷ ነቅቶ ትሉን እንደሚያባርር፣ ጥቂት ስትውጥ ግን ትሉ ተደላድሎ እንደሚኖር ደርሰውበታል። ድንገት የመጣ ጭፍራ ያነቃል፤ አንድ በአንድ ሾልኮ የሚገባ ግን ሳይታወቅ ቤቱን ይወርሳል። የሕፃናቶቻችንም በሽታ እንዲህ ያለ ነው። አይጮኽም፣ አያስደነግጥም፤ ነገር ግን ደማቸውን ያቀላል፣ እድገታቸውን ያዘገያል፣ በትምህርት ቤትም ዓይናቸው እያየ ልባቸው እንዳይከተል ያደርጋል።

የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ከአፈር በሚተላለፉት የአንጀት ትሎች የተያዘው ሕዝብ 1.5 ቢሊዮን ያህል ነው። በአገራችንም ለትምህርት ቤት ልጆች የትል መድኃኒት ይታደላል፤ ይህም መልካም ሥራ ነው። ዳሩ ግን ክኒን ብቻውን የዘመኑ ኮሶ ነው፤ ያስወጣል እንጂ በር አይዘጋም።

ስለዚህ፣ የተከበራችሁ አንባብያን ሆይ፣ እነዚያ ሁሉ እንስሳት የመሰከሩትን በአንድ ላይ ብንደምረው ይህን እናገኛለን። ኮሶ በጥሬ ሥጋ፣ መንጠቆ ትል በባዶ እግር፣ ቢልሃርዝያ በወንዝ ውሃ፣ ወስፋት ባልታጠበ እጅና ምግብ ይገባል። በሮቹ አራት ናቸው፤ የአራቱም በሮች መንገድ ግን የሚነሣው ከአንድ ቦታ ነው፤ እርሱም በሜዳ የተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ነው። መጸዳጃ ቤት የሌለው ቀበሌ አራቱንም በሮች ከፍቶ እንደ ተኛ ቤት ነው።

ከአንባብያን መካከል የብዙዎቹ ሥራ በጠረጴዛ ላይ ነው። የአንድ ትምህርት ቤት መጸዳጃ፣ የአንድ መንደር የጕድጓድ ውሃ፣ የአንድ ቄራ ቁጥጥር ጉዳይ በፋይል ሆኖ በፊታችሁ ሲደርስ ተራ ወረቀት ሊመስላችሁ ይችላል። በዚያ ወረቀት ላይ የተጻፈው ግን ከ1851 ጀምሮ በብዙ ድካም፣ በብዙም የእንስሳት ሕይወት የተገኘ ዕውቀት ነው። ዕውቀቱ ተገኝቷል፤ ዋጋውም ተከፍሏል። የቀረው በሩን መዝጋት ነው፤ ይህም የሊቃውንት ብቻ ሳይሆን የእናንተና የእኛ ፋንታ ነው።